ኮንዶም ተጠቅመን ፍርሃቱ ካልለቀቀንስ? ፔፕ፣ ምርመራ ወይስ ዝም ብሎ መቀመጥ

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ እሑድ ጠዋት። ትኩስ የዓሣ ሾርባ ፊቴ ቀርቧል፤ አንድ ማንኪያ አልወርድ አለኝ። ቅዳሜ ማታ ብዙም ከማላውቃት ሴት ጋር ነበርኩ። ኮንዶም ተጠቅመናል። አልተቀደደም፣ አልወለቀም። ያም ሆኖ «ምናልባትስ?» የምትለዋ ቃል እንደ ትንኝ ጆሮዬ ሥር ትዞራለች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሠራሁት ሁሉ የተገላቢጦሽ ነበር። መመርመር በማይጠቅምበት ቀን ተመረመርኩ፤ መተኛት ባለብኝ ሌሊት ስልኬን ስጎረጉር አነጋሁ። ይህን የምጽፈው እንደዚያን ጊዜው እኔ መሀል ላይ ለቆመ ሰው ነው። ሐኪም አይደለሁም። ጤና ጣቢያ ውስጥ በምክርና ምርመራ ክፍል የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ግማሹን የተማርኩት ከሱ ነው፣ ግማሹን ከራሴ ስህተት።

ጓደኛዬ አንድ የሚያስገርም ነገር ነገረኝ። በሩን በየሳምንቱ የሚያንኳኳው ብዙ ጊዜ ምንም ያልደረሰበት ሰው ነው። ኮንዶም የተቀደደበት ሰው ደግሞ በአምስተኛው ቀን፣ መድኃኒት ሊሰጠው ከሚችልበት ጊዜ በኋላ ይመጣል። ፍርሃትና አደጋ አብረው አይሄዱም። ስለዚህ ምርጫችሁን በፍርሃታችሁ መጠን አትለኩት። በሁለት ነገር ለኩት፦ ምን እንደተፈጠረ፣ ስንት ቀን እንደሆነው።

ኮንዶሙ ምን ሆነ?

ጓደኛዬ ይህን ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ሰው መጀመሪያ «ተጠቅሜያለሁ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «መጀመሪያ ላይ ግን አላደረግኩም ነበር» ይላል፤ ወይም «ሁለተኛው ዙር ላይ አልቆብን ነበር»። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው። ለራሳችሁም ሁለት ጊዜ ጠይቁ።

ኮንዶሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከነበረ፣ ካልተቀደደና ተንሸራትቶ ውስጥ ካልቀረ፣ ለኤች አይ ቪ በር አልተከፈተም። ያልተቀደደ የላቴክስ ኮንዶም ቫይረሱን አያሳልፍም። «በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ቢኖረውስ?» የሚለው የሌሊት ስምንት ሰዓት ጥያቄ ነው፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። ኮንዶም ከፋብሪካ ሳይወጣ በኤሌክትሪክ ይፈተሻል። በግንኙነት ጊዜ ሲበላሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ነው የሚቀደደው፤ ስታወልቁት ታዩታላችሁ። መሳሳም፣ ኮንዶሙን ሲያወልቁ እጅ መንካቱ፣ የሆቴሉ ፎጣ፣ መጸዳጃ ቤቱ፤ እነዚህን ሁሉ ከዝርዝራችሁ ሰርዙ።

ኮንዶሙ ባይኖር ኖሮስ? ቁጥሩን ማወቅ ያረጋጋል። ሕክምና ላይ ካልሆነና ቫይረሱ ካለበት ሰው ጋር ያለ ኮንዶም በሴት ብልት በኩል አንድ ጊዜ ግንኙነት ሲደረግ፣ የመያዝ ዕድሉ ለሴቷ ከ10,000 ጊዜ 8 ገደማ፣ ለወንዱ 4 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። በፊንጢጣ በኩል ለሚቀበለው ሰው ወደ 138 ከፍ ይላል። ቁስል ወይም ሌላ የአባላዘር በሽታ ካለ ቁጥሩ ይጨምራል። ይህም የሚቆጠረው ያኛው ሰው ቫይረሱ ካለበት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በኢትዮጵያ ከተሞች የተካሄደው ትልቅ ጥናት፣ ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት ነዋሪዎች 3 ከመቶው ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አሳይቷል። አማካይ ነውና አንድን ሰው በዚህ መገመት አይቻልም። በመልክና በአለባበስ መገመት ደግሞ ጭራሽ አይቻልም። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ አምስት መመዘኛ ነው የምጠቀመው። የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ሌሎቹ አራቱ ተደምረው አይስተካከሉትም። ቫይረሱ ሰውነት ከገባ በኋላ ምርመራው እስኪያገኘው የሚያልፍ ጊዜ አለ፤ የመስኮት ጊዜ ይሉታል። በዚያ መሀል የተገኘ ኔጌቲቭ ትርጉሙ «ገና አልታየም» ነው። ግንኙነቱ የተፈጸመበትን ቀን ዜሮ ብላችሁ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ።

ቀጥሎ ውጤቱ የመጨረሻ ነው ወይስ መድገም ያስፈልጋል? ሦስተኛ ወጪው። አራተኛ ውጤቱ ሲነገራችሁ አጠገባችሁ የሚያስረዳ ሰው አለ ወይ? አምስተኛው ምስጢር ነው።

በምስጢር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን ሌላውን ሁሉ ትተን የምንመርጠው በእሱ ነውና። ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ ባጃጅ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያውቅህ ሰው አለ። ስለዚህ ማንም እንዳያየኝ ብዬ ሻሸመኔ ድረስ ሄድኩ። ወረፋ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሠፈሬ ልጅ። ሁለታችንም በአንድ አፍ «ጨጓራዬን አሞኝ ነው» አልን። ጤና ጣቢያ ውስጥ የጨጓራ፣ የክትባትና የነፍሰ ጡር ሰልፍ ስላለ፣ ቁጭ ያለ ሰው ለምን እንደመጣ ማንም አያውቅም። ለትራንስፖርት ያወጣሁት ያንገበግበኛል።

ፔፕ

ቫይረሱ ገብቶ ሊሆን ይችላል ሲባል፣ ሰውነት ውስጥ ሳይደላደል ለማስቆም የሚወሰድ የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው። ሁለት ቁጥር ያዙ፦ በ72 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፣ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። 72 ሰዓት የመጨረሻው ጠርዝ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር ይሻላል። ቅዳሜ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የተቀደደ እንደሆነ ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። «ዛሬ እሑድ ነው፣ በሥራ ቀን እሄዳለሁ» አትበሉ። እዚህ ሐዋሳ የአዳሬም የሪፈራልም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እሑድን አያውቅም።

በአገራችን ፔፕ በዋናነት የሚሰጠው በሥራ ላይ መርፌ ለወጋቸው የጤና ባለሙያዎችና ለተደፈሩ ሰዎች ነው። ኮንዶም የተቀደደበት ሰው ጉዳይ በሐኪሙ ምዘና ይወሰናል። የሆነውን ሳትቀንሱ ሳትጨምሩ ተናገሩ፤ ሰዓቱንም ጭምር። ከመጀመሩ በፊት ምርመራ ይደረጋል። ማቅለሽለሽና ድካም ሊኖር ይችላል። ከዘመድ የተረፈ ኪኒን ለምኖ መዋጥ ግን ፔፕ አይባልም።

ኮንዶሙ ካልተቀደደስ? እኔ ሰኞ ጠዋት ሄጄ ጠይቄ ነበር። ሐኪሙ አዳምጦኝ ሲያበቃ «አያስፈልግህም» አለኝ። ያኔ የከለከለኝ መስሎኝ ተቀየምኩት። ልክ ነበር። ላልተፈጠረ ነገር የ28 ቀን መድኃኒት አይሰጥም።

ተገዳ ለተደፈረች ሴት ወይም ለተደፈረ ሰው ከዚህ ሁሉ ንጽጽር ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ሳይታጠቡ፣ ልብሱንም ሳያጥቡ ወዲያው ሆስፒታል። ፔፑም፣ የእርግዝና መከላከያውም፣ ማስረጃውም እዚያ ነው።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ ጣት ተወግቶ መመርመር

በእኔ ሚዛን ለአብዛኛው ሰው የሚበቃው ይህ ነው። ነፃ ነው። ካርድ ታወጣላችሁ፣ የምክር ክፍል ትገባላችሁ፣ ጣት ትወጋላችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውጤቱ ይነገራችኋል። የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ያ ደግሞ እንደሰው ከ23 እስከ 90 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በ90ኛው ቀንና ከዚያ በኋላ ኔጌቲቭ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ፤ መሀል ላይ ሌላ ግንኙነት ካልነበረ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ምልክት ቢያሳይስ? በአንድ መሣሪያ ብቻ «ፖዘቲቭ ነህ» አይባልም። በሌሎች የተለያዩ መመርመሪያዎች ይረጋገጣል። ከተረጋገጠም መድኃኒቱ እዚያው በነፃ ይጀመራል። የብዙዎቻችን ፍርሃት የተቀረጸው ነፃ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ነው፤ እሱ በአገራችን የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በጊዜ የጀመረ ሰው ሠርቶ፣ ወልዶ፣ ሽማግሌ ሆኖ ይኖራል።

የግል ክሊኒክና ላቦራቶሪ

እዚህ ላይ ቂም አለኝ። በ9ኛው ቀን አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ፤ ስሙን ልተወው። ከፈልኩ፣ ጣቴን ተወጋሁ፣ ኔጌቲቭ የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። መቼ ነበር ግንኙነቱ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሁለት ቀን በደስታ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን የመስኮት ጊዜ የሚባል ነገር አነበብኩና እንደገና ቁልቁል ወረድኩ። ጣቴ ላይ የተጠቀሙት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሠራበትን ዓይነት ፈጣን መመርመሪያ ነበር።

የግል ቦታ የሚጠቅማችሁ አንድ ነገር ጠይቃችሁ «አዎ» ከተባላችሁ ነው፦ «ከደም ሥር ተቀድቶ አንቲጅንና አንቲቦዲ አብሮ የሚያይ ምርመራ አላችሁ?» አንቲጅን የቫይረሱ የራሱ ቁራጭ ነው፤ ከአንቲቦዲው ቀድሞ ይታያል። እንዲህ ያለው የላቦራቶሪ ምርመራ ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ውስጥ ያገኘዋል። በ45ኛው ቀን ኔጌቲቭ ከሆነ ሦስት ወር መጠበቅ አይጠበቅባችሁም። ሳትሄዱ በስልክ ጠይቁ፤ ዋጋውንም አብራችሁ። «ያው ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» ካሏችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ለጋብቻ ቤተ ክርስቲያን የምታቀርቡት ወረቀት የሚፈለግም ከሆነ፣ የትኛው ተቋም ወረቀት ተቀባይነት እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሠርጉ ሊደርስ ሲል የሚሯሯጥ ብዙ ነው።

ራስን በራስ መመርመሪያ

ድድን በማበሻ ጠርጎ ፈሳሹን የሚመረምረው ዓይነት ነው ብዙ ጊዜ የሚገኘው። ከመመርመር በፊት 15 ደቂቃ ምንም አይበላም፣ አይጠጣም፤ ቡናም ጭምር። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ውስጥ ይነበባል። ረስቶ ማታ ላይ ሄዶ ማንበብ ያሳስታል። «C» ከሚለው አጠገብ ብቻ አንድ መስመር ከታየ ኔጌቲቭ ነው። ሁለት መስመር፣ ሁለተኛው ደብዛዛ ቢሆንም፣ ጤና ተቋም ሄዶ መረጋገጥ አለበት። የመስኮት ጊዜው እዚህም እስከ 90 ቀን ነው።

በምስጢር አንደኛ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ብቸኝነቱ ነው። ሌሊት፣ በሩን ቆልፎ፣ ደብዛዛ መስመር ላይ አፍጥጦ መቀመጥ ለጭንቀታም ሰው አይመከርም። ራሴን ስለማውቅ እኔ አልሞከርኩትም። በየፋርማሲው አይገኝም፤ ስታገኙ ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑንና የሚያልፍበትን ቀን እዩ።

ፒሲአር እና የቫይረስ መጠን ምርመራ

ኢንተርኔት ላይ «በ10 ቀን ይነግርሃል» የሚባለው ይህ ነው። እውነት ነው፤ ቫይረሱን ራሱን ስለሚፈልግ ከ10 እስከ 33 ቀን ውስጥ ሊያየው ይችላል። እኛ ዘንድ ግን የቫይረስ መጠን ምርመራ የሚሠራው ሕክምና ላይ ያሉትን ለመከታተል፣ ፒሲአሩም ከእናታቸው ተጋልጠው ለተወለዱ ሕፃናት ነው። ኮንዶሙ ላልተቀደደ ሰው ይህን ፍለጋ መዞር የለየለት ድካም ነው።

አብሮ መመርመር

የሚያገናኛችሁ ስልክ ካለ፣ «አብረን እንመርመር» ማለት ከሚመስለው ይቀላል። ብዙ ጊዜ ያኛውም ወገን እንደናንተው ፈርቷል። የሷ ኔጌቲቭ ግን የእናንተ ወረቀት አይሆንም፤ እሷም የራሷ የመስኮት ጊዜ ሊኖራት ይችላል። ስጋቱን በጣም ይቀንሳል እንጂ አይዘጋም። ለመቀጠል ላሰቡ ጥንዶች ከሁሉም የምወደው ይህ ነው።

ዝም ብሎ መቀመጥ

ይህም ሙሉ አማራጭ ነው፤ ስንፍና አይደለም። ኮንዶሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደህና ከነበረ፣ ለዚያች ሌሊት ተብሎ መመርመር የግድ የሚል ምክንያት የለም። ግንኙነት የሚያደርግ ሰው አልፎ አልፎ መመርመሩ ጥሩ ልማድ ስለሆነ፣ በዚያ ልማድ ውስጥ አካቱት። ለሚቀጥለው ደግሞ ኮንዶሙን በኪስ ቦርሳና በሞተር ወንበር ሥር አታቆዩት፤ ሙቀት ያበላሸዋል። ቫዝሊንና ቅባት ላቴክስን ያሳሳል። ሁለት ደርቦ መልበስ መቀደድን ይጨምራል እንጂ አያጠነክርም።

መቀመጥ የማይሠራው አንድ ቦታ ላይ ነው። ኮንዶም ከኤች አይ ቪ ቢጠብቅም፣ ከቆዳ ወደ ቆዳ ከሚተላለፉ በሽታዎች የሚጠብቀው የሸፈነውን ቦታ ብቻ ነው። ቂጥኝ፣ ሄርፒስና የብልት ኪንታሮት ካልተሸፈነ ቆዳ ሊተላለፉ ይችላሉ። ቁስል፣ ፈሳሽ ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ካለ ስለ ኤች አይ ቪ መጨነቁን ትታችሁ ለእሱ ታከሙ። ስትመረመሩም ቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ቢ አብሮ እንዲታይ ጠይቁ። ኮንዶሙ ተቀድዶ እርግዝና የሚያሰጋ ከሆነ ፖስትፒልም በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።

| አማራጭ | መቼ | የመጨረሻ መልስ | ምስጢር | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ፔፕ | ከተቀደደ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ | ቀጠሮውን ሐኪሙ ይወስናል | መካከለኛ | በመንግሥት ተቋም ነፃ |
| የጤና ጣቢያ ፈጣን ምርመራ | ከ23ኛው ቀን ጀምሮ | በ90ኛው ቀን | ጥሩ | ነፃ |
| ከደም ሥር አንቲጅንና አንቲቦዲ | ከ18ኛው ቀን ጀምሮ | በ45ኛው ቀን | ጥሩ | ይከፈላል |
| ራስን መመርመሪያ | ከ23ኛው ቀን ጀምሮ | በ90ኛው ቀን | ከሁሉም የበለጠ | እንደተገኘበት ቦታ |
| አብሮ መመርመር | በማንኛውም ቀን | የእናንተን አይዘጋም | በሁለታችሁ መካከል | ጤና ጣቢያ ነፃ |
| መቀመጥ | ኮንዶሙ ደህና ከሆነ | አያስፈልግም | ሙሉ | ምንም |

ስለ ምልክት አንድ ቃል

ሠንጠረዡ ውስጥ «ምልክት መጠበቅ» የሚል አማራጭ የለም፤ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። አዲስ በተያዙ አንዳንድ ሰዎች ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ ይታያል። አንዳንዱ ምንም አይሰማውም። ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ደግሞ ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። እኔ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት አላበኝ፣ አፌ ደረቀ፣ ሆዴ ተበጠበጠ። በየሰዓቱ ብብቴን እየዳሰስኩ እጢ ስፈልግ ቆዳዬ ቀላ። በእጢው ምክንያት ሳይሆን በመዳሰሱ ነው። የጭንቀት ምልክቶችን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ኋላ ነው፤ አንድ በአንድ የኔ ነበሩ።

ታዲያ እናንተ የትኛውን?

ኮንዶሙ ተቀድዶ 72 ሰዓት ያልሞላው ሰው ይህን ማንበቡን አቁሞ ይሂድ።

72 ሰዓት ያለፈውና ገንዘብ የሌለው ሰው፣ ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄዶ መነሻውን ይወቅ፤ በ6ኛው ሳምንት ይድገም፤ በ90ኛው ቀን ይዝጋ። እስከዚያ ኮንዶም። ገንዘብ ያለው ደግሞ በ45ኛው ቀን ከደም ሥር ይመርመር፤ ከዚያ በፊት የሚከፍለው ገንዘብ መረጋጋት አይገዛለትም። ፔፕ የወሰደ ሰው ይህን አቆጣጠር ይተወውና በሰጡት ቀጠሮ ይሂድ።

ስሟ እንዳይነሳ የምትፈራ፣ ከቤተሰብ ጋር የምትኖር ልጅ ራስን መመርመሪያ ይመቻታል፤ ከጎኗ አንድ የምታምናት ጓደኛ ብትኖር። ከዚያ በፊት ማውራት ከፈለገች 952 ነፃ የስልክ መስመር ነው። አጋሩ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ስለ ፕረፕ ይጠይቅ፤ ቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ ነው።

ኮንዶሙ ደህና የነበረ፣ ጭንቀቱ ግን ያልለቀቀው ሰው በ90ኛው ቀን አንድ ጊዜ በነፃ ይመርመርና ይዝጋው። እኔ ያደረግኩት ይህን ነው። ከመጠበቂያው ቀን በኋላ ኔጌቲቭ ወጥቶለት፣ አሁንም አራተኛና አምስተኛ ጊዜ የሚመረመር ሰው ካለ ግን ስድስተኛውን አይያዝ። ሌላ ክፍል ነው የሚያስፈልገው። የአእምሮ ጤና ክፍል ለእብድ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ወረፋው ላይ የሚቀመጡት ግን እንደኔና እንደናንተ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ካርድ ክፍል ላይም ታሪክ አይጠየቅም። «እንቅልፍ አጥቻለሁ» ማለት ይበቃል።